ድረ ገጽ ሲዛወር ጽሑፎቻችሁ ከጎግል እንዳይጠፉ



ቤተሰብ ውስጥ ሰው ሞቶ፣ ሌሊቱም ገፍቶ፣ የሰፈሩን ኡስታዝ መቀስቀስ በሚከብድበት ሰዓት ብዙዎቻችን የምናደርገው ስልክ አውጥተን «የጀናዛ ሶላት አሰጋገድ» ብለን ጎግልን መጠየቅ ነው። ተየሙም እንዴት እንደሚደረግ፣ የወርቅ ዘካ እንዴት እንደሚሰላ፣ ያመለጠ ጾም እንዴት ቀዷ እንደሚወጣም የምንጠይቀው እንደዚሁ ነው። መልሱን የጻፈው ግን ጎግል አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ ኡስታዝ ወይም አንዲት እህት ለአላህ ብለው ቁጭ ብለው፣ ማስረጃ አገላብጠው የጻፉት ነው። ጎግል ያደረገው ጽሑፉን ከሌሎች አስቀድሞ ማሳየት ብቻ ነው።

እንዲህ ያሉ የአማርኛ ጽሑፎች ከሚገኙባቸው ገጾች በርካታዎቹ የተጀመሩት በብሎገር ነው። ብሎገር እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረና በ2003 ጎግል የገዛው ነጻ አገልግሎት ነው። ክፍያ አይጠይቅም፤ ባለሙያም አያስፈልገውም። ጽሑፉ በመቶዎች ሲቆጠር፣ ጸሐፊዎቹ ሲበዙ፣ የድምፅና የቪዲዮ ትምህርት ሲጨመር ግን ይጠባል። በዚህ ጊዜ አዘጋጆቹ በአብዛኛው ወደ ወርድፕሬስ ለመዛወር ያስባሉ።

መዛወሩ በራሱ ክፋት የለውም። አደጋው ሳይዘጋጁ መዛወሩ ላይ ነው። በደንብ ካልተሠራ፣ ጎግል ላይ አንደኛ ይወጣ የነበረው ጽሑፍ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከፍለጋው ይጠፋል። ቦታውም ባዶ አይቆይም፤ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ ገጽ፣ ወይም ያንኑ ጽሑፍ የጸሐፊውን ስም ሳይጠቅስ የገለበጠ ሌላ ገጽ ይተካዋል። ጠያቂው መልስ ማግኘቱ አይቀርም፤ መልሱ ትክክል ስለመሆኑ ግን ማንም ዋስትና አይሰጠውም።

ዋናው ነጥብ አንድ ነው። ሶፍትዌሩን መቀየር ይቻላል፤ የእያንዳንዱ ጽሑፍ አድራሻ ግን ወይ እንዳለ መቆየት፣ ወይ ደግሞ ወደዚያው ጽሑፍ አዲስ አድራሻ መምራት አለበት። ይህ ለአማርኛ ገጾች ከእንግሊዝኛዎቹ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ምክንያቱን ቀጥለን እናያለን።

ደረጃው ያለው አድራሻው ላይ ነው

ጎግል ጽሑፍን የሚያውቀው በአድራሻው፣ ማለትም በሊንኩ ነው። ሌሎች ድረ ገጾች ወደ ጽሑፉ የሰጡት ሊንክ፣ ጽሑፉ ለስንት ጊዜ እንደቆየ፣ ስለምን እንደሚናገር፣ ይህ ሁሉ መረጃ የሚመዘገበው በዚያ አድራሻ ስም ነው። አድራሻው ሲቀየር፣ ጽሑፉ ቃል በቃል አንድ ቢሆንም፣ ለጎግል አዲስ ገጽ ነው። የድሮውን አድራሻ ሄዶ ሲያንኳኳ «ገጹ አልተገኘም» የሚለውን የ404 መልስ ካገኘ፣ ጥቂት ጊዜ ተመላልሶ ከመዝገቡ ያወጣዋል።

ለዚህ መፍትሔው 301 የሚባለው ማዞሪያ ነው። 301 ማለት «ይህ ገጽ ለዘለቄታው ወደዚህ አድራሻ ተዛውሯል» የሚል መልስ ነው። ቤት የቀየረ ሰው በድሮው በር ላይ አዲሱን አድራሻ ጽፎ እንደሚለጥፈው ማለት ነው። ጎግል ይህን መልስ ሲያገኝ በድሮው አድራሻ ስም የነበረውን ክብደት ወደ አዲሱ ያስተላልፋል። 302 የሚባል ሌላ ማዞሪያም አለ፤ እሱ ግን «ለጊዜው ነው» የሚል መልእክት ስለሚሰጥ ለዘለቄታዊ ዝውውር አይመረጥም።

እዚህ ላይ የሚዘወተር አንድ ስህተት አለ። ሥራ ለማቅለል ሲባል የድሮ አድራሻዎች በሙሉ ወደ መግቢያው ገጽ እንዲዞሩ ይደረጋል። ስለ ተየሙም ሊያነብ የመጣ ሰው መግቢያው ገጽ ላይ ሲጣል ትቶ ይሄዳል። ጎግልም እንዲህ ያለውን ማዞሪያ ጽሑፉ እንደጠፋ አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ማዞሪያው አንድ ለአንድ መሆን አለበት፤ የተየሙም ጽሑፍ ወደ ተየሙም ጽሑፍ፣ የዘካው ወደ ዘካው።

የአማርኛ ርዕስ የሚያመጣው ችግር

በእንግሊዝኛ የተጻፉ መመሪያዎች ከብሎገር ወደ ወርድፕሬስ ለሚዛወር ሰው የሚሰጡት የተለመደ ምክር አለ። ወርድፕሬስ ላይ ፐርማሊንክ የሚለውን ማስተካከያ ከፍታችሁ አድራሻው በዓመት፣ በወር፣ በጽሑፉ ስምና በኤችቲኤምኤል መጨረሻ እንዲዋቀር አድርጉ፤ የድሮው አድራሻ ሳይለወጥ ይቀጥላል ይላሉ። ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ ምክሩ ጥሩ ነው። ለአማርኛ ግን ብቻውን አይሠራም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ብሎገር የሊንኩን መጨረሻ ከጽሑፉ ርዕስ ያወጣል፤ የሚቀበለው ግን የላቲን ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው። የግዕዝ ፊደል ሲያገኝ ይጥለዋል። ርዕሱ ሙሉ በሙሉ አማርኛ ሲሆን የሚቀረው ነገር ስለሌለ «ብሎግ-ፖስት» የሚል አጠቃላይ ስም በላቲን ይሰጠዋል። በዚያው ወር ሌላ የአማርኛ ጽሑፍ ሲወጣ «ብሎግ-ፖስት» ላይ ቁጥር ይጨምርበታል። ርዕሱ ውስጥ 10 የሚል ቁጥር ካለ ሊንኩ 10 ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ሲቀጥል አዲስ ወር ሲገባ ስሙ እንደገና ከ«ብሎግ-ፖስት» ይጀምራል። ስለዚህ በአንድ የአማርኛ ገጽ ላይ በሐምሌ የወጣ «ብሎግ-ፖስት»፣ በነሐሴ የወጣ «ብሎግ-ፖስት»፣ በመስከረም የወጣ «ብሎግ-ፖስት» ይኖራሉ። የሚለያቸው ከፊታቸው ያለው ዓመትና ወር ብቻ ነው።

ወርድፕሬስ ደግሞ ሁለት ጽሑፎች አንድ ዓይነት ስም እንዲይዙ አይፈቅድም። ወሩ ቢለያይም እንኳን ለሁለተኛው ስም መጨረሻ ላይ 2፣ ለሦስተኛው 3 እያለ ይጨምራል። ማንም ሳያስተውል አድራሻዎቹ ተለወጡ ማለት ነው። ሲብስ ደግሞ ወርድፕሬስ ያልተገኘ አድራሻ ሲጠየቅ ተመሳሳይ ስም ፈልጎ በግምት የማዞር ባሕርይ አለው። በአንድ ወር ውስጥ አምስት «ብሎግ-ፖስት» ካሉ ግምቱ ወደ ተሳሳተው ጽሑፍ ሊወስድ ይችላል። ስለ ጀናዛ የጠየቀ ሰው የኒካሕ ጽሑፍ ሊከፈትለት ይችላል። እንዲህ ያለው ስህተት የ404 መልስ ስለማይሰጥ አዘጋጁም በቀላሉ አያየውም።

ሌላም አለ። ወርድፕሬስ ለአዲስ ጽሑፍ ስም ሲያወጣ የአማርኛ ፊደልን አይጥልም፤ ወደ ኮድ ይቀይረዋል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል፤ በሊንክ ውስጥ እያንዳንዱ ባይት የፐርሰንት ምልክትና ሁለት ምልክቶች ስለሚሆን አንድ ፊደል 9 ቦታ ይወስዳል። የወርድፕሬስ ወሰን 200 ነው። ስለዚህ 22 ፊደል ገደማ ሲደርስ ይቆረጣል። ለምሳሌ «የተየሙም አደራረግ ከቁርአንና ከሐዲስ ማስረጃ ጋር» የሚል ርዕስ ብትሰጡት ሊንኩ «ማስረጃ» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ላይ ይቋረጣል። ይህ ሊንክ ወደ ቴሌግራም ወይም ዋትስአፕ ሲላክ ብዙ ጊዜ የፐርሰንት ምልክት የተደረደረበት ረጅም ኮድ ሆኖ ይታያል። ጎግል ቢያነበውም ሰው ይፈራዋል፤ የማጭበርበሪያ ሊንክ ይመስለዋል።

ስለዚህ ለአማርኛ ገጽ የሚሻለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ በላቲን ፊደል አጭር ስም በእጅ ስጡ። ለተየሙም ጽሑፍ «ተየሙም» የሚለው ቃል በላቲን ቢጻፍ ይበቃል። ሁለተኛ፣ የድሮውን ሙሉ አድራሻ፣ ዓመቱንና ወሩን ጨምሮ፣ ከአዲሱ አድራሻ ጋር በሠንጠረዥ አዛምዱና በ301 አዙሩ። አድካሚ ነው፤ ግን በአንድ ሳምንት በጥቂት ልጆች ትብብር የሚያልቅ ሥራ ነው።

መቼ ይዛወር

ኢስላማዊ ገጽ ወቅት አለው። በረመዳንና ከእሱ በፊት ባሉት ሳምንታት፣ በዙልሒጃ የመጀመሪያ አስር ቀናት ፍለጋው ይጨምራል። ገጽን በሻዕባን ማዛወር ማለት ሰው በብዛት በሚመጣበት ሰዓት በሩን መቀየር ነው።

ጎግል አነስተኛና መካከለኛ ገጽ ሲዛወር አብዛኞቹን አድራሻዎች ለመቀየር ጥቂት ሳምንታት ሊወስድበት እንደሚችል ራሱ ይገልጻል። ሁሉም እስኪረጋጋ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ከዚህ አንጻር የሰፈር ወር ተስማሚ ነው። ሐጅና ዐሹራእ አልፈዋል፤ ረመዳን እስኪገባም ስድስት ወር ያህል ይቀራል። የተበላሸ ነገር ቢኖር ለማስተካከል በቂ ጊዜ ይገኛል።

ምንም ከመነካቱ በፊት

መጀመሪያ የሚያስፈልገው ዝርዝር ነው። ሦስት ቦታ አለላችሁ።

አንዱ የጎግል ሰርች ኮንሶል ነው። ነጻ ነው፤ ገጹ የእናንተ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ ሰዎች በየትኛው ቃል ፈልገው ወደ የትኛው ጽሑፍ እንደመጡ ያሳያል። የሚያሳየው የ16 ወር መረጃ ስለሆነ ያለፈውን ረመዳን በእርግጠኝነት ይጨምራል። የሚያወርደው ሠንጠረዥ እስከ 1000 ገጽ ይይዛል። ይህን አውርዳችሁ አስቀምጡ። ከዝውውሩ በኋላ ምን እንደጠፋ የምታውቁት ከዚህ ጋር በማመሳከር ነው። ገጹን ሰርች ኮንሶል ላይ ስታረጋግጡ በብሎገር ቴምፕሌት ውስጥ በሚገባ ኮድ ሳይሆን በዶሜይኑ ዲኤንኤስ በኩል ቢሆን ይመረጣል፤ ቴምፕሌቱ ሲቀር ማረጋገጫው አብሮ እንዳይጠፋ።

ሁለተኛው የብሎገር ሳይትማፕ ነው፤ የጽሑፎቹን አድራሻዎች በሙሉ ይይዛል። ሦስተኛው «ስለ እኛ»፣ «ያግኙን» የመሳሰሉ ቋሚ ገጾች ናቸው። ብሎገር ለእነዚህ ከጽሑፎች የተለየ የአድራሻ አሠራር ስላለው በቀላሉ ይረሳሉ።

ከዚህ ሁሉ አንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ ሥሩ። በመጀመሪያው ዓምድ የድሮው አድራሻ፣ በሁለተኛው የአማርኛ ርዕሱ፣ በሦስተኛው አዲሱ አድራሻ፣ በአራተኛው «ተፈትሿል» የሚል ምልክት ይግባ። ጊዜ ካነሳችሁ ሰው ከሚያነባቸው 50 ጽሑፎች ጀምሩ፤ አብዛኛው ጎብኚ የሚመጣው በጥቂት ጽሑፎች በኩል ነውና።

ቀጥሎ ባክአፕ ነው። ብሎገር ጽሑፎቹንና አስተያየቶቹን በአንድ ፋይል አውርዶ ይሰጣል። ፎቶዎቹ ግን በጎግል ሰርቨር ላይ ነው ያሉት፤ በዚያ ፋይል ውስጥ የሚገባው ሊንካቸው ብቻ ነው። ጽሑፉ ወርድፕሬስ ላይ ሲገባ ፎቶዎቹ ያሉ ይመስላል፤ ከዓመት በኋላ አንድ ሰው የድሮውን አካውንት ሲዘጋው ግን አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ ፎቶዎቹ ራሳቸው ወደ አዲሱ ቦታ መወሰድ አለባቸው።

ዶሜይን የሌላቸው ገጾችስ

ከላይ የተባለው ሁሉ የሚሠራው የራሳችሁ ዶሜይን ካላችሁ ነው። አድራሻችሁ መጨረሻው ላይ ብሎግስፖት የሚል ከሆነ አድራሻው የጎግል እንጂ የእናንተ አይደለም። እዚያ ላይ እንደፈለጋችሁ 301 ማስቀመጥ አትችሉም።

እንዲህ ከሆነ ሥራውን ለሁለት ክፈሉት። በመጀመሪያ ዶሜይን ገዝታችሁ በብሎገር ማስተካከያ ውስጥ አያይዙት። ሶፍትዌሩ ያው ብሎገር ሆኖ ይቀጥላል፤ የድሮዎቹ አድራሻዎች ግን ወደ አዲሱ ዶሜይን ይመራሉ። በዚህ ሁኔታ ጥቂት ወራት ቆዩ። ጎግል ጽሑፎቹን በዶሜይናችሁ ስም መዝግቦ ከጨረሰ በኋላ ብቻ ሶፍትዌሩን ቀይሩ። ሁለቱን በአንድ ሳምንት ለማድረግ መሞከር አንዱ ሲበላሽ የትኛው እንደተበላሸ እንዳታውቁ ያደርጋል።

ዝውውሩ ሲሠራ

አዲሱን ወርድፕሬስ በጊዜያዊ ቦታ ላይ ገንቡት፤ በይለፍ ቃልም ዝጉት። ካልተዘጋ ጎግል ያልተጠናቀቀውን ገጽ አግኝቶ ከዋናው ጋር እንደ ግልባጭ ሊመዘግበው ይችላል።

ወርድፕሬስ ከብሎገር የሚያስገባበት ፕለጊን አለው። ጽሑፎቹን ሲያስገባ የእያንዳንዱን የድሮ አድራሻ ከጽሑፉ ጋር ያስቀምጣል፤ ይህም ሠንጠረዡን ለመሥራት ይረዳል። ከገባ በኋላ የሚከተሉትን በዓይናችሁ ተመልከቱ።

የቁርአን አንቀጾችን በመጀመሪያ። የዐረብኛው ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ መሄዱን፣ ፈትሓና ከስራው በቦታው መሆኑን፣ የአንቀጹ ቁጥር አለመዛወሩን ዐረብኛ የሚያነብ ሰው አንድ በአንድ ይይ። ይህ ከጎግል ደረጃ በፊት የሚመጣ አማና ነው።

የአማርኛውን ፊደል በመቀጠል። የዳታቤዙ አቀማመጥ ዩኒኮድን የማይቀበል ከሆነ ጽሑፉ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ይህ ከታየ ወዲያው አቁሙና አስተካክላችሁ እንደገና አስገቡ፤ የጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠ ጽሑፍ በኋላ አይመለስም።

በጽሑፎቹ ውስጥ ያሉትን ሊንኮች ደግሞ። የዉዱእ ጽሑፍ ወደ ተየሙም ጽሑፍ የሚመራ ከሆነ ሊንኩ በቀጥታ ወደ አዲሱ አድራሻ ይሁን። በማዞሪያ ላይ ማዞሪያ መደራረብ ገጹን ያዘገያል።

ከዚያ ማዞሪያዎቹን አስገቡ። ለዚህ ሪዳይሬክሽን የሚባለው ነጻ ፕለጊን ይበቃል፤ ሠንጠረዡን በአንድ ጊዜ መጫን ይቻላል። እዚህ ላይ ከብሎገር የሚመጣ አንድ ልዩ ነገር አለ። በስልክ የተከፈተ የብሎገር ጽሑፍ ሊንኩ መጨረሻ ላይ የጥያቄ ምልክት፣ በላቲን «ኤም» የሚለው ፊደልና እኩል ይሆናል 1 የሚል ይጨመርበታል። ለዓመታት በቴሌግራም፣ በዋትስአፕና በፌስቡክ የተላለፉት ሊንኮች በብዛት ይህን ጭራ የያዙ ናቸው። በወርድፕሬስ ውስጥ ደግሞ ይኸው ፊደል ወርን ለመፈለግ የሚያገለግል ስለሆነ ሊንኩ ስህተት ሊፈጥር ይችላል። ፕለጊኑ ላይ ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለውን ችላ እንዲል የሚያደርገውን ምርጫ ምረጡ፤ ከዚያም በዚህ ጭራ የሚያልቁ ጥቂት አድራሻዎችን በስልክ ሞክሩ።

ብዙ ነገር አንድ ላይ አትቀይሩ። አዲስ ገጽ ሲሠራ ርዕሶችን የማስተካከል ፍላጎት ይመጣል። «ሰላት» የሚለውን ሁሉ «ሶላት»፣ «ሀዲስ»ን «ሐዲስ»፣ «ረመዳን»ን «ረመዷን» ለማድረግ ይታሰባል። የእኛ ሰው ግን በሁሉም አጻጻፍ ይፈልጋል። አንድ ርዕስ ለዓመታት ሰው ያገኘው በተጻፈበት ፊደል ነው። አጻጻፉን አንድ ወጥ ማድረግ ጥሩ ቢሆንም ዝውውሩ ተረጋግቶ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይሁን። የጽሑፎቹን የወጡበት ቀን፣ የጸሐፊዎቹን ስምና ይዘቱንም በዚህ ጊዜ አትንኩ።

የመቀየሪያው ቀን

ዶሜይኑን ወደ አዲሱ ሆስቲንግ ከማዞራችሁ በፊት አንድ ሳጥን አረጋግጡ። ወርድፕሬስ ውስጥ በንባብ ማስተካከያ ሥር የፍለጋ ሞተሮች ገጹን እንዳይመዘግቡ የሚከለክል ትንሽ ሳጥን አለ። በግንባታው ወቅት ብዙዎች ምልክት ያደርጉበታል፤ ከዚያ ይረሱታል። ማዞሪያው ሁሉ በትክክል ቢሠራ እንኳን ይህች ምልክት ካልተነሳች ገጹ ቀስ በቀስ ከጎግል ይወጣል።

በተረፈ የደህንነት ሰርተፊኬቱ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ይሥራ፤ ብሎገር ላይ የነበረው ሊንክ በኤችቲቲፒኤስ ስለሚጀምር ሰርተፊኬት ከሌለ ጎብኚው ማስጠንቀቂያ አይቶ ይሸሻል። ወርድፕሬስ ከእትም 5.5 ጀምሮ ሳይትማፕ በራሱ ያዘጋጃል፤ አድራሻውን በሰርች ኮንሶል አስገቡ። ሠንጠረዡ ላይ ካሉት የድሮ አድራሻዎች ሃያውን በተለያየ ስልክ ክፈቱና ወደ ትክክለኛው ጽሑፍ መድረሳቸውን እዩ። ዶሜይኑ ራሱ ካልተቀየረ በሰርች ኮንሶል ያለው የአድራሻ ለውጥ ማሳወቂያ አያስፈልጋችሁም፤ እሱ ከአንድ ዶሜይን ወደ ሌላ ለሚሄዱ ነው።

ፍጥነትንም አትርሱ። ብሎገር በጎግል ሰርቨር ላይ ስለነበረ ፈጣን ነበር። ርካሽ ሆስቲንግና ብዙ ጌጥ ያለው ቴም ሲገናኙ ገጹ በሞባይል ዳታ ላይ ለመክፈት ያስቸግራል። ጎግል ገጽን የሚያነበው በስልክ በሚታይበት መልኩ ነው፤ አንባቢያችንም በአብዛኛው በስልክ ነው የሚገባው። ቀላል ቴም ምረጡ፤ ፎቶዎችን አሳንሱ።

ከተዛወረ በኋላ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ቢል አትደንግጡ። ጎግል አድራሻዎቹን አንድ በአንድ እየቀየረ ስለሆነ መዋዠቁ የሚጠበቅ ነው። በድንጋጤ ማዞሪያዎቹን መሰረዝ ወይም ወደ ብሎገር ለመመለስ መሞከር ጉዳቱን እጥፍ ያደርገዋል።

የሚያስፈልገው ክትትል ነው። ለመጀመሪያው ወር በየቀኑ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሰርች ኮንሶል ላይ 404 የሰጡትን አድራሻዎች እዩና የጎደለውን ማዞሪያ ጨምሩ። አስቀድማችሁ ያወረዳችሁትን ሠንጠረዥ አውጥታችሁ ከላይ ያሉት 50 ጽሑፎች አሁን የት እንደሆኑ አነጻጽሩ። አንድ ጽሑፍ ብቻውን ከወደቀ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የእሱ ማዞሪያ ላይ ነው። ሁሉም አንድ ላይ ከወደቁ ያችን ሳጥን፣ ሰርተፊኬቱንና የሰርቨሩን ፍጥነት መርምሩ።

ስታነጻጽሩ ካቻምና ከነበረው ተመሳሳይ ወር ጋር ሳይሆን በሒጅራ አቆጣጠር ከተመሳሳዩ ወር ጋር ይሁን። ረመዳን በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ስለሚቀድም በፈረንጅ ወር ማነጻጸር ያልጠፋውን ጠፋ፣ የጠፋውን አለ ሊያስብል ይችላል።

ማዞሪያዎቹን ጎግል ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲቆዩ ይመክራል። እኛ ግን ለዘለቄታው እንዲቆዩ እንመክራለን። በየቴሌግራም ቻናሉ የተለጠፈ፣ በየዋትስአፕ ግሩፑ የተላለፈ ሊንክ ከሦስት ዓመት በኋላም የሚከፍተው ሰው አለ። ማዞሪያ ቦታ አይዝም፤ ወጪም የለውም። ብሎገር ላይ ያለውንም የድሮ ገጽ አትሰርዙት፤ ለፍለጋ ሞተር እንዳይታይ አድርጋችሁ እንደ ተጨማሪ ባክአፕ አቆዩት።

ቁልፉ በማን እጅ ነው

በመጨረሻ ከቴክኒክ ውጭ የሆነ፣ ግን ብዙ ገጽ ሊያጠፋ የሚችል ነገር። ነጻ ከነበረው ብሎገር ስትወጡ በየዓመቱ የሚከፈል ሁለት ነገር ይመጣል፤ ዶሜይንና ሆስቲንግ። ክፍያው በዶላር ስለሆነ ብዙ ጊዜ በውጭ ሀገር ያለ አንድ ወንድም ወይም እህት በራሱ ካርድ፣ በራሱ ኢሜይል ይከፍላል። አላህ ምንዳውን ይክፈለው። ነገር ግን ካርዱ ጊዜው ሲያልፍበት፣ ስልኩ ሲቀየር ወይም ሰውየው ወደ አኺራ ሲሄድ የእድሳት ማስታወቂያው የሚደርሰው ማንም ወደማያየው ኢሜይል ነው። ዶሜይኑ ካለፈበት ሌላ ሰው ሊገዛው ይችላል፤ የዲን ትምህርት የነበረበት አድራሻ የቁማር ማስታወቂያ ይዞ ሊከፈት ይችላል። ያኔ 301ም ሠንጠረዥም አይረዳም።

ስለዚህ ዶሜይኑ በጀመዓው ወይም በተቋሙ ኢሜይል ይመዝገብ። ቢያንስ ሦስት ታማኝ ሰዎች የይለፍ ቃሉን ይወቁ። በተቻለ መጠን ለብዙ ዓመት አንድ ላይ ይከፈል። የሚያልቅበት ቀን በሁሉም ስልክ ላይ ማስታወሻ ይኑረው።

ጠቃሚ ዕውቀት ትቶ ማለፍ ምን ያህል ምንዳ እንዳለው አንባቢያችን ያውቃል። ከጸሐፊዎቹ አንዳንዶቹ በሕይወት ላይኖሩ ይችላሉ፤ ጽሑፋቸው ግን ሰው ባነበበው ቁጥር ይጠቅማል። ገጹን የሚያስተዳድሩ ወጣቶች የተረከቡት ይህንን ነው። ሠንጠረዥ መሥራትና አድራሻ ማዛመድ አሰልቺ ሥራ ቢመስልም ጠያቂውን ከመልሱ ጋር የሚያገናኘው ይኸው ነው። ኒያችሁን አሳምሩ፤ ጊዜ ወስዳችሁ ሥሩት።

ወቢላሂ ተውፊቅ።